መርዝና ፍሬ፦ የአጋሮ ቡና ሠራተኛ ደኅንነት በታሪክ

ከጅማ ተነሥቶ በበደሌ በኩል ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አጋሮ ይገባል። አጋሮ የጎማ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ጎማም በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን በጊቤ ወንዝ አገር ገንነው ከነበሩት ከአምስቱ መንግሥታት አንዱ ሆኖ ከሊሙ እናርያ፣ ከጅማ፣ ከጉማና ከጌራ ጋር በአንድነት የሚቆጠር የጥንት ግዛት ነው። በዚህ አገር ቡና የአትክልት ተክል ብቻ አይደለም፤ ጫካው ራሱ የወለደው፣ ሰውም ከጫካው ተቀብሎ ያሳደገው ዕፅ ነው። ስለ ቡናው መዓዛና ስለ ዋጋው ብዙ ተነግሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ቡናውን የሚያርመው፣ ኬሚካል የሚረጨው፣ የሚለቅመውና የሚቀሽረው ሠራተኛ ከመርዝና ከአቧራ በየዘመኑ እንዴት እንደ ተጠበቀ፣ እንዴትም ሳይጠበቅ እንደ ቀረ በቅደም ተከተል መተረክ ነው።

በጥንቱ ዘመን የቡና ሥራ የሚያስፈራው ነገር በዓይን የሚታይ ነበር። ከቡናው ሥር የበቀለውን ቁጥቋጦ በገጀራ የሚመነጥር ሰው የሚጠነቀቀው ከእባብና ከያዘው ስለት ነው፤ በለቀማም ጊዜ ቅርንጫፍ ስቦ የሚለቅም ሰው የሚፈራው መውደቅን ነው። ለዚህ ሁሉ መጠንቀቂያውን ያስተማረው ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ልማድ እንጂ የተጻፈ ሕግ አልነበረም። ሕዝቡ መርዝን አያውቅም ነበር ማለት ግን አይደለም። ከዋንዛና ከሳሳ ጋር የቡና ጥላ ሆኖ የሚያገለግለው የብርብራ ዛፍ ፍሬው ተወቅጦ በወንዝ ውኃ ላይ ሲበተን ዓሣን አስክሮ የሚያንሳፍፍ ኃይል እንዳለው አባቶቻችን ከጥንት ጀምረው ያውቁ ነበር። ያን ፍሬ የሚወቅጠው ሰው ዛፉን ያውቀዋል፤ ምን ያህሉ እንደሚበቃም ያውቃል። በኋላ ዘመን በበርሜልና በጠርሙስ ታሽጎ የመጣው መርዝ ግን ከምን እንደ ተቀመመ፣ በሥጋ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ ከስንት ቀን በኋላስ ኃይሉ እንደሚበርድ ለሚሸከመው ሰው ሳይነገር የመጣ ነውና፣ የዚህ ታሪክ መከራ የሚጀምረው ከዚሁ ካለማወቅ ነው።

ሠራተኛን የሚጠብቅ ዘመናዊ ሕግ በአገራችን የተጀመረው ከጣልያን ወረራ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የዓለም የሥራ ድርጅት አባል ሆና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 የፋብሪካዎች አዋጅ ወጣ፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግም አሠሪ የሠራተኛውን ሕይወትና ጤና የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደነገገ። በ1954 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ፣ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ተከተለ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም በዚያው ዘመን ተመሠረተ። እነዚህ ሕግጋት ለዘመናቸው ታላቅ እርምጃዎች ነበሩ። ዳሩ ግን ጥላቸው ያረፈው ከሁሉ አስቀድሞ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ በሚታይበት ቦታ ስለ ነበረ፣ ለለቀማ ወራት ከሩቅ አገር መጥቶ ወቅቱ ሲያልፍ ወደ መንደሩ የሚመለሰውን የቡና አገር የቀን ሠራተኛ የሚደርስለት አልነበረም።

በዚያው ዘመን የመጀመሪያው ታላቅ ኬሚካል ወደ ቡናው አገር ገባ፤ የመጣውም በምሕረት ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። ይህን መቅሠፍት ለመግታት በሚቀጥለው ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ መሣሪያውም ዲዲቲ ነበር። የስዊስ ተወላጁ ኬሚስት ፓውል ሙለር ዲዲቲ ነፍሳትን የመግደል ኃይል እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1939 ደርሶበት በ1948 የኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። መርጫውን ያነገበው የወባ ሠራተኛ በየመንደሩ እየዞረ፣ ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ የጎጆውን ግድግዳ ከውስጥ ይረጭ ነበር። ብዙ ነፍስ መትረፉ የማይካድ ነው። ነገር ግን ዲዲቲ እጅን የማያቃጥል፣ ዓይንንም የማያስለቅስ ስለሆነ ሰዎች ጉዳት የለበትም ብለው አመኑት፤ ከግድግዳ ርጭት የተረፈውም በየቦታው ለትኋንና ለቁንጫ፣ ለእህልና ለጫት ዋለ። ፈጥኖ የማይገድል መርዝ ከሰው ስብ ውስጥ ተቀምጦ ለዓመታት ሊቆይ እንደሚችል ሊቃውንቱ ራሳቸው በሙሉ የተረዱት ዘግይተው ነው፤ የአሜሪካዊቷ የሬቸል ካርሰን መጽሐፍ ዓለምን የቀሰቀሰው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

ወባው ገና ሳይጠፋ ሌላ መቅሠፍት በቡናው ላይ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በ1963 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ታየ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ወደ ምዕራቡ የቡና አገር ተዛመተ። ምልክቱ ለገበሬው ልብ የሚሰብር ነው፤ ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ትታያለች፣ ነጥቢቱም እየሰፋች ወደ ውስጥ ትሰረጉዳለች፣ ፍሬውም ሳይበስል ይጠቁርና ይረግፋል ወይም ደርቆ ከቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ፈንገሱ ዝናብና ቅዝቃዜን የሚወድ ነውና፣ ክረምቱ በሚበረታበት በደጋማው ሥፍራ የአንድ ማሳ ምርት በሙሉ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር።

በዚያን ጊዜ በአገሩ ፊት ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው የርጭት መንገድ ነው። ፍሬው በሚያድግበት የክረምት ወራት ሁሉ በየጥቂት ሳምንቱ ፀረ ፈንገስ ኬሚካል መርጨትን ይጠይቃል። ይህ ርጭት ለሠራተኛው ምን ማለት እንደሆነ ቀርቦ መመልከት ይገባል። የቡናው ዛፍ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆነ ረጪው አፈሙዙን ወደ ላይ አቅንቶ ይረጫል፤ ወደ ላይ የተረጨው ከቅጠሉ ተመልሶ በራሱ፣ በአንገቱና በፊቱ ላይ ይንጠባጠባል። ከጀርባው ያለው መርጫ ክዳኑ የላላ እንደሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተንቦጫረቀ ሸሚዙን ያረጥበዋል፤ የረጠበውም ልብስ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከገላው ጋር ተጣብቆ ይውላል፤ ላብ የከፈተው ቆዳም ያን መርዝ ይጠጣል። በኬንያና በሌሎች የቡና አገሮች ለዚሁ በሽታ ከተረጩት ኬሚካሎች አንዱ ካፕታፎል የሚባለው ነበረ፤ የዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ይህን ኬሚካል በሰው ላይ ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ብሎ መደበው፤ በኋላም ያለ ተቀባዩ አገር ፈቃድ እንዳይላክ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች መዝገብ ገባ። ፍርዱ የመጣው ግን ብዙ ሺህ ረጪዎች ለዓመታት በጀርባቸው ከተሸከሙት በኋላ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የጥበብ መንገድ ነበር፤ የዚህ አገር ሰዎችም በዚህኛው ተጉዘው ለዓለም ምሳሌ የሚሆን ሥራ ሠሩ። ከጅማ ከተማ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በመልኮ፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት በ1960 ዓ.ም. ገደማ የቡና ምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ነበር። የመልኮ ተመራማሪዎች የተነሡበት አሳብ ቀላልና ጥልቅ ነው፤ ቡና የተወለደው በዚህ ጫካ ከሆነ፣ በሽታውን የሚቋቋመውም ዛፍ በዚሁ ጫካ ውስጥ ሊኖር ይገባል የሚል ነው። ስለዚህም በሽታው እንደ እሳት ባለፈበት ማሳና ጫካ መካከል ፍሬው ሳይጠቁር የቀረውን ዛፍ ከገበሬው ጋር ሆነው እየፈለጉ፣ ከያንዳንዱ ዘር ወስደው ችግኝ አፈሉ፤ በለጋው ግንድ ላይም የፈንገሱን ዘር በውኃ በጥብጠው እያንጠባጠቡ የሚሞተውንና የሚተርፈውን ለዩ። የተመረጡት ዛፎች ስማቸው ቁጥር ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን የፈረንጅ ዓመት፣ የቀሩት ደግሞ የዛፉን ተራ ያመለክታሉ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የተመረጡት 74110ና 74112 እንዲሁም 741 የተባለው ዝርያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ለገበሬው መታደል ጀመሩ፤ የአጋሮም የምርምር ንዑስ ማዕከል በጎማ ምድር የዚሁ ሥራ ተካፋይ ሆነ። እስከ ዛሬ በአጋሮ ዙሪያ ያለ ገበሬ እነዚህን ቁጥሮች እንደ ዘመድ ስም ሲጠራቸው ይሰማል።

ይህ ሥራ በታሪክ የሚመሰገነው ምርትን ስላዳነ ነው፤ እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና አለበት እላለሁ። የሠራተኛን ደኅንነት የሚያጠኑ ጠቢባን አደጋን የመከላከያ መንገዶችን በማዕርግ ይደረድሯቸዋል። የመጀመሪያው አደገኛውን ነገር ፈጽሞ ማስቀረት ነው፤ ሁለተኛው በማይጎዳ መተካት፤ ሦስተኛው በመሣሪያና በአሠራር ከሰው ማራቅ፤ አራተኛው ደንብና ሥልጠና ማበጀት፤ የመጨረሻውና ደካማው ጓንትና ጭምብል ማልበስ ነው። በሽታን የሚቋቋም ቡና የተከለ ገበሬ ለፍሬው በሽታ መርዝ መሸከም አላስፈለገውም፤ ልጁም አልተሸከመም። ስለዚህ በመልኮ የተሠራው ሥራ፣ ሠሪዎቹ በዚህ ስም ባይጠሩትም፣ በጅማ ምድር እስከ ዛሬ ከተወሰዱት የሠራተኛ ጥበቃ እርምጃዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ማዕርግ የያዘ ነው።

በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን የባለ መሬቶቹ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች የመንግሥት እርሻ ሆኑ፤ በአጋሮ አጠገብ ያሉት ጎማ አንድና ጎማ ሁለትም ከሊሙ የቡና ልማት ጋር የሚቆጠሩ ናቸው። በ1968 ዓ.ም. አዲስ የሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 64፣ ወጣ። እርሻው ሲሰፋ ምንጣሮው በገጀራ ብቻ የማይደረስበት ሆነና በትላልቅ እርሻዎች ፀረ አረም ኬሚካል የሥራው አካል እየሆነ ሄደ። በዚያው ዘመን ለአንበጣ፣ ለተምችና ለወባ በግዢና በእርዳታ የገባው መርዝ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ በየመጋዘኑ ተከማቸ፤ ዕድሜው አለፈ፣ በርሜሉ ዛገ፣ መርዙም ወደ መሬት ፈሰሰ። እንዲህ ያለው ክምችት ከሰው መኖሪያና ከውኃ አጠገብ መቀመጡ የአንድ ወረዳ ሳይሆን የመላ አገሪቱ ሕማም ነበር።

ዓለምንም ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው በ1977 ዓ.ም. በኅዳር ወር በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ የደረሰው እልቂት ነው። ከአንድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ በሌሊት ያፈተለከው ጋዝ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን በመኝታቸው ገደለ። ከዚያ በኋላ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 በሥራ ላይ ስለ ኬሚካል ጥንቃቄ የሚናገር ቁጥር 170 ስምምነት አወጣ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ልዩ ድንጋጌ አወጀች፤ በሚቀጥለውም ዓመት ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት የተደነገገውን የድርጅቱን ቁጥር 155 ስምምነት አጸደቀች። ሕጉ ከአደጋው በኋላ ቢመጣም መምጣቱ መልካም ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕግጋቱ በየጊዜው ተደራረቡ። በ1985 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156 ወጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ በማያደርስ የሥራ አካባቢ የመሥራት መብት እንዳለው ደነገገ። የ2011ዱ አዋጅ በአንቀጽ 92 አሠሪውን ሠራተኛውን ስለ አደጋው እንዲያስተምር፣ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ፣ የሥራው ሂደት የኬሚካልም ሆነ የሌላ ጉዳት ምንጭ እንዳይሆን እንዲጠነቀቅ፣ የደረሰውን ጉዳት መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዝዛል፤ ሠራተኛውም በተሰጠው መከላከያ የመጠቀምና ያየውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበት። በ1995 ዓ.ም. አገሪቱ ስለ አደገኛ ኬሚካሎች የተደረጉትን የሮተርዳምንና የስቶክሆልምን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ተቀበለች፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም በዚያው ዓመት ወጣ፤ በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ እንዳይገባና እንዳይሸጥ ከለከለ። በየመጋዘኑ ከተከማቸው ዕድሜው ያለፈ መርዝም ከሺህ ቶን በላይ የሆነው በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ርዳታ ተሰብስቦ፣ በአዲስ በርሜል ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ተወሰደና በኃይለኛ እሳት ተቃጠለ። በርካሽ የገባው መርዝ ሲወጣ እጅግ ውድ እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ጃፓን ከገዛችው የኢትዮጵያ ቡና ላይ ከወሰን ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች፤ ግዢዋንም እጅግ ቀነሰች። ከተገኙት ውስጥ ዲዲቲና ሊንዴን ነበሩበት፤ ምንጩም ቡናው የተጫነበት ጆንያ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተጠረጠረ። ነገሩ የገበያ ጉዳት ሆኖ ተነገረ፤ ሆኖም ቡናው ውቅያኖስ ተሻግሮ በላቦራቶሪ የተመረመረበት ጥንቃቄ ያንኑ ጆንያ በትከሻው ለተሸከመው ወዛደር አልተደረገለትም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከእናቶችና ከላሞች በተወሰደ ወተት ውስጥ ዲዲቲን አግኝተውታል። አንድ ጊዜ ለግድግዳ የተበጠበጠው መርዝ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከሕፃን አፍ ደረሰ ማለት ነው።

ኬሚካል በሌለበትም የቡና ሥራ አደጋ አለበት። ጀንፈል በሚቀሸርበት ቤት ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው በመስኮቱ ብርሃን ላይ የሚንሳፈፈውን ቡናማ ብናኝ ነው። ጆንያ እየፈታ ወደ መቀሸሪያው መኪና አፍ የሚገለብጠው ሠራተኛ ቅንድቡና ጢሙ በአቧራ ተሸፍኖ፣ በሻሽ ወይም በነጠላ ጫፍ አፉን ሸፍኖ ይውላል። በኢትዮጵያ የቡና መቀሸሪያዎች የተደረጉ ጥናቶች በዚያ አቧራ ውስጥ ከባክቴሪያ የሚገኝ መርዛማ ነገር እንዳለና ሠራተኞቹ በሳልና በትንፋሽ ማጠር ከሌሎች ይልቅ እንደሚቸገሩ አሳይተዋል። ጨርቅ ይህን ብናኝ አያግድም፤ የሚያግደው የመኪናውን አፍ መክደንና አቧራውን በመሳቢያ ወደ ውጭ ማውጣት ነው።

ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ የአጋሮ ስም በአዲስ ክብር ተነሥቷል። እንደ ዱሮሚናና ናኖ ጫላ ያሉ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እሸት ቡና ማጠቢያ ተክለው ቡናቸውን በቀጥታ ለውጭ ገበያ አቀረቡ፤ ዱሮሚናም እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቡናዎች መካከል በውድድር አንደኛ ወጣ። በዚያው ጊዜ ግን ራውንዳፕና ቱ ፎር ዲ የተባሉት ፀረ አረም ኬሚካሎች በትንሹ ገበሬ ቤት ሳይቀር የተለመዱ ሆነዋል፤ የምንጣሮ ሠራተኛ ተወድዷልና። የራውንዳፕን ዋና ቅመም ግላይፎሴትን የካንሰር ጥናት ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም ካላቸው መካከል ሲመድበው፣ ሌሎች ባለሥልጣኖች ግን አልተስማሙም፤ ክርክሩ ባይቋጭም በባዶ እጅ መበጥበጥ ትክክል ነው የሚል ከሁለቱም ወገን የለም። መርዝ በጠርሙስ ክዳን እየተለካ፣ በእንጨት እየተማሰለ፣ ባዶው ጀሪካን ታጥቦ የመጠጥ ውኃ መቅጃ ሲሆን ማየት በገጠራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በዕቃው ላይ ያለው ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ጥብጣብ የመርዙን ብርታት የሚናገር ምልክት ነው፤ ቀዩ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዳሩ ግን ያልተነገረው ሰው ጌጥ አድርጎ ያየዋል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። የአገራችን ሕግ ሠራተኛውን በቃል ጠብቆታል፤ የጎደለው ሕጉ ከጋዜጣው ወጥቶ እስከ ቡናው ሥር መድረሱ ነው። ስለዚህ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለእርሻ ባለቤቶች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ከመርጨታችሁ በፊት ሳይረጭ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ጥላውን ዛፍ ጠብቁ፣ በሽታ የሚቋቋመውን ዝርያ ትከሉ፣ ለምንጣሮ ሠራተኛ የሚገባውን ዋጋ ክፈሉ። መርጨት ግድ ከሆነ ደግሞ የሚረጨውን ሰው በሚሰማው ቋንቋ፣ በጎማ ምድር በአፋን ኦሮሞ፣ አስተምሩት፤ ጓንቱን፣ ቦት ጫማውንና ቱታውን ከመርዙ ጋር አብራችሁ ግዙ፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅና ነፍሰ ጡር ሴት መርጫ አታስይዙ፤ ባዶውን ጀሪካን ብሱት። ለመንግሥት ሹማምንትም፦ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በከተማ ፋብሪካ ብቻ ተወስኖ አይቅር፤ በለቀማና በርጭት ወራት በአጋሮ ማሳዎች መካከል ይታይ። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋልና፣ ሳይመረዝ የሚጠበቅ ሠራተኛ ከተመረዘ በኋላ ከሚታከም ሠራተኛ ይልቅ ለቤቱም ለአገሩም ይበጃል።